የጳጉሜን ስድስት አበባ

ሲያትል፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ መልከጸዴቅ፣ ደብረ ብርሃን

ትናንት ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተሩብ ላይ፣ ከአገር ቤት የመጣ ካርቶን ከፍቼ የላይኛውን ጋዜጣ ገለጥ ሳደርግ፣ ከዐሥር ዓመት በፊት በእጄ የነቀልኩትን አበባ አየሁት። ዝናብ በላው ያሉኝን አበባ።

ሰሙነ ሕማማት ስለሆነ ሰላምታ አልጻፍኩም። በዚህ ሳምንት ሰው አይሳሳምም፤ ምክንያቱን በልጅነቴ ያስረዱኝ እርስዎ ነዎት።

ማክሰኞ የሥራ ዕረፍቴ ነው። በሌላው ቀን መሀል ከተማ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት እቆርጣለሁ፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ግን ኸርባሪየም ወደሚሉት የዕፅዋት ማኅደር ሄጄ ያለ ክፍያ የደረቁ ዕፅዋት ወረቀት ላይ እሰፋለሁ። የምታሠራን ኢዲት የምትባል የሰባ ዓመት ሴት ናት። «ከአገርሽ የናሙና ልውውጥ መጥቷል፤ አንቺ ክፈቺው» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ነበር የከፈትኩት።

አገዳው ከወረቀቱ ስለረዘመ ሁለት ቦታ ታጥፏል። የተሰፋበት ክር የእትዬ የኔነሽ ሰማያዊ የስፌት መኪና ክር ነው። በጋዜጣው ጠርዝ ላይ በእርሳስ 214 ይላል፤ አራቷ የኔ አራት ናት፣ እርስዎ «የተገለበጠ ወንበር» እያሉ የሚስቁባት። መለያው ወረቀት ግን አዲስ ነው፤ በታይፕ የተጻፈ። ቦታ፦ ጭላት ሜዳ። ቀን፦ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1987፤ በእኛ ጳጉሜን 6 ቀን 1979። ሰብሳቢ፦ ዓምደ ሚካኤል መልከጸዴቅ።

ልጅዎ።

ጋሼ፣ አባቴ ሲሞት የአጎቱ ልጅ ስለሆኑ ብቻ ወስደው አሳድገውኛል፤ ይህን አልረሳሁም። የረሳሁት ሌላም ነገር የለም። ሐምሌ 1980 ለትምህርት ዕድሉ ላመለክት ስመጣ፣ ጣራው አፍስሶ ሦስት መቶውንም ናሙና ዝናብ በላቸው አሉኝ። ጓሮ ወስደው የበሰበሰ የጋዜጣ ክምር አሳዩኝ። አለቀስኩ። እርስዎም አብረውኝ አለቀሱ።

ሦስቱን ዛሬም አልተውም። ከዐሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ከሜዳ ስንመለስ «ሦስቱን ጥሪ» ይሉኝ ነበር፤ አንድ ዕፅ፣ አንድ እንስሳ፣ አንድ ድንቅ ነገር።

ዕፅ፦ ካማስ። ከሲያትል በስተደቡብ ሁለት ሰዓት ያህል ተነድቶ የሚደረስበት ሜዳ አለ፤ በዚህ ወር ካማስ ሲያብብ ሜዳው ሰማያዊ ይሆናል፣ ከሩቅ ኩሬ ይመስላል።

እንስሳ፦ ደረቱ ቢጫ የሆነ፣ አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ ያሰረ የሚመስል ወፍ። አጥር እንጨት ላይ ቆሞ ሲዘምር ሰው አይፈራም።

ድንቅ ነገር፦ ዝናብ የበላው አበባ ሳይረጥብ ሲያትል መድረሱ።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ያን ቀን ጓሮ ያሳዩኝ ክምር ምን ነበር?

ሣህሊቱ ወንድምአገኝ


ደብረ ብርሃን፣ ግንቦት 26 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሣህሊቱ ወንድምአገኝ፣ ካለሽበት ሲያትል ከተማ

ባሕሩን በልክ የሰፈረ አምላክ ያለሽበትን አገር ሰላም ያድርግልሽ። ቅዱስ ሩፋኤል መንገድሽን ይምራ። የአባትሽ የወንድምአገኝ ነፍስ በደጉ ቦታ ትረፍ። እኛ ከእትዬሽ ከየኔነሽ ጋር በቸርነቱ አለን። ዓምደ ሚካኤልም ደኅና ነው፤ መሥሪያ ቤቱ የክፍል ኃላፊ አድርጎታል።

ደብዳቤሽ ለዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት ደረሰኝ። በልግ ዘንድሮ ዘግይቶ ገባና ሜዳው ገና መለስ እያለ ነው። እነሆ ሦስቱን።

ዕፅ፦ ማጌጥ፣ ባለ ሦስት ቅጠሉ። ዘንድሮ ነጩ ከቀዩ በዝቷል። ከብቱ ቀዩን መርጦ ስለሚበላ ይመስለኛል፤ ገና እርግጠኛ አይደለሁም።

እንስሳ፦ ያንቺ ባለማተብ ወፍ እኛም ዘንድ አለች እኮ! ረሳሻት? ጉሮሮዋ ብርቱካንማ፣ ከሥሩ ጥቁር ማተብ። ዘመዶች አይደሉም፤ ሜዳ ግን ልጆቹን አንድ ዓይነት ልብስ ያለብሳል።

ድንቅ ነገር፦ በመጀመሪያው ዝናብ ጭላት ሜዳ ሄጄ መረሬው ላይ ጆሮዬን ደፋሁ። በበጋ የተሰነጠቀው ጥቁር አፈር ውሃውን ሲስብ እንደ ጠማው ከብት ይጎነጫል። እረኞቹ ሞቼ የተገኘሁ መስሏቸው ጮኹ።

ስለ ወረቀቱ ያነሣሽው ብዙ ዘመን ያለፈበት ነገር ነው። በዚያ ክረምት ጣራው ማፍሰሱን አንቺም ታውቂያለሽ። ያለፈ ዝናብ አይጠየቅም።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ዓይኔ ደከም ብሏል፤ ብርሃን የሚያበራ አጉሊ መነጽር እዚያ ይገኛል ይላሉ። የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ላኪልኝ። ደኅና ዓይነት ይሁን።

አሳዳጊሽ
መልከጸዴቅ ሀብተ ጊዮርጊስ


ሲያትል፣ ሰኔ 20 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ መልከጸዴቅ

ፋሲካ አለፈ፤ የኔ ሕማማት ግን ስላላለቀ ዛሬም ያለ ሰላምታ እጽፋለሁ።

አጉሊ መነጽሩን ለጽጌ ሰጥቻታለሁ። ቼሪ ጎዳና ላይ ሱቅ ያላት ሴት ናት፤ በሐምሌ ለእናቷ ተዝካር ትመጣለች። ዓይንዎ በመድከሙ አዝኛለሁ። ሐኪም ይዩ፤ ሞራ ከሆነ ይገፈፋል።

ባለፈው ቅዳሜ ከኢዲትና ከጓደኞቿ ጋር ሜዳ ወርጄ ነበር። የሜዳ ወዳጆች ነን ይላሉ፤ ጡረተኞች ናቸው፣ አንዱ አናጢ፣ አንዷ የአውቶቡስ ሾፌር የነበረች። ስካይዌይ ሰፈር አብራኝ የምትኖረው ገነት ጠዋት ቦት ጫማዬን ስታይ፣

«ሶ፣ ዛሬም ሳር ልታዪ ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ሁለት ሰዓት ሄደሽ ሳር? እዚህ ከቤታችን ፊት አለልሽ፣ ባለቤቱ እጨዱ እያለ ይጨቀጭቀናል።»

«ያ የተተከለ ነው። እኔ የማየው የበቀለውን ነው።»

«ኦኬ፣ የበቀለውን ሰላም በይልኝ» አለችና ተመልሳ ተኛች።

ያ ሜዳ ጉብታ በጉብታ ነው። ቁመቱ ሰው የሚያህል፣ ክብ ክብ፣ እስከ ዓይን ማለቂያ የተደረደረ ጉብታ። ማን እንደሠራው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በረዶ ዘመን ነው የሚል አለ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው የሚል አለ። አናጢው ደግሞ ፍልፈል ነው ይላል፤ እዚህ ጉንጩ ውስጥ ኪስ ያለው ፍልፈል አለ፣ ምግቡን በኪሱ ይዞ የሚሄድ። እኔ የፍልፈሉ ወገን ነኝ። ጸጥ ብሎ ከሥር የሠራን ሥራ ሌላ ሲወስድበት አውቃለሁ።

ኢዲት ደግሞ ይህን አሳየችኝ። ከሰማያዊው ካማስ ጎን ነጭ አበባ የሚያወጣ ሌላ ዕፅ ይበቅላል፤ ሰው ይገድላል። ሥራቸው ተነቅሎ ሲታይ እንደ ሽንኩርት አንድ ዓይነት ነው። የአገሩ ነባር ሰዎች ካማስ ሥር ቆፍረው ሲመገቡ የኖሩት፣ አበባ ባለበት ወራት ነጩን ለይተው እየነቀሉ ስለጣሉ ነው። አበባው ከረገፈ ማንም አይለየውም።

ለዚህ ነው ነገሩ ያላለፈው፣ ጋሼ። ገና አበባው ላይ ነን። አውሮፓ ያሉ አንድ የዕፅዋት ሊቅ 214ን መርምረው፣ ለሳይንስ አዲስ ነው፣ ከዚህ በፊት ማንም ያልገለጸው ነው ብለዋል። ጽሑፋቸው በመጪው የካቲት መጨረሻ ማተሚያ ቤት ይገባል። ስሙን በሰብሳቢው ስም ሊሰይሙት አስበዋል። ማለትም በዓምደ ሚካኤል። አንዴ ከታተመ፣ ዓለም እስካለች ድረስ ያ አበባ የሚጠራው በእሱ ነው።

እኔ የነገርኳቸውን ኢዲት ታምናለች። ሊቁ ግን በጽሑፍ ማስረጃ ካላዩ አይቀይሩም፤ ትክክል ናቸው፣ እኔም ብሆን አልቀይርም። አንድ ገጽ ይጻፉልኝ። 214ን ማን እንዳገኘው፣ በየትኛው ቀን፣ የት። «ቀኑ፣ ቦታውና ያየው ሰው ያልተጻፈበት አበባ ድርቆሽ ነው» ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ጓሮው ውስጥ የነበረው ክምር ምን እንደነበር አሁንም አልነገሩኝም።

ሣህሊቱ


ደብረ ብርሃን፣ መስከረም 20 ቀን 1990 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሣህሊቱ

ዘመን የሚያሻግር አምላክ እንኳን አሻገረሽ። የዓመቱ በረከት ከቤትሽ አይራቅ፣ ክፉ ዓይን አይይሽ፣ የእናትና የአባትሽ ጸሎት ጥላ ይሁንሽ።

መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። አጉሊ መነጽሩ ደርሷል፤ ጽጌ የተባለችው ሴት ጨዋ ናት። መብራቱ መልካም ነው። እንደ እውነቱ ግን፣ ማጌጡን ሥሩ ሳደርገው ቀለሙን ብቻ ነው የማየው፤ ጠርዙ ይጠፋብኛል።

ሦስቱን ዘንድሮ በደንብ መጥራት አልቻልኩም። ጋጋኖዎቹ ከሜዳው ሲነሡ ድምፃቸውን እሰማለሁ። ይኸው ነው።

ልጄ፣ እንግዲህ እንደ ትልቅ ሰው እናውራ። በ1980 ዓ.ም. ወንድ ልጅ ከመንገድ እየታፈሰ ወደ ሰሜን ይላክ እንደነበር ታስታውሻለሽ። የጎረቤታችን የመስፍን ልጅ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ አልተመለሰም። ወደ ምሥራቅ ጀርመን የሚሄድ አንድ ሰው ብቻ ነበር የተፈለገው፤ ሦስት መቶ ናሙና ያለው። አንቺን ጦር ሜዳ አይወስዱሽም ነበር። ከዚህ በላይ በወረቀት ላይ ምን እንድጽፍልሽ ትፈልጊያለሽ?

ዓምደ ሚካኤል አሁን ሁለት ልጆች አሉት። ስለ አበባው ስም መሥሪያ ቤቱ ሰምቶ ሊያከብሩት አስበዋል። እኔ ሽማግሌ ነኝ። አንቺ እዚያ ትልቅ አገር ላይ ነሽ፣ ገና ሺህ አበባ ታገኛለሽ። ይህችን አንዷን ተያት። ከአንቺ የምለምነው ከእንግዲህ መነጽርም አይደለም፣ መድኃኒትም አይደለም። ዝምታሽን ብቻ ነው።

ሰላምታ የሌለው ደብዳቤሽን የኔነሽን አንብቢልኝ ስላት ከመካከሉ ጀመረችልኝ።

መልከጸዴቅ


ሲያትል፣ ጥቅምት 18 ቀን 1990 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ መልከጸዴቅ

ቢጠይቁኝ እሰጥ ነበር።

ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። «ሣህሌ፣ ልጄን ሊወስዱብኝ ነው፣ ያለሽን ሁሉ ስጪኝ» ቢሉኝ፣ ሦስት መቶውን በራሴ ተሸክሜ አመጣልዎት ነበር፤ መለያውንም በዓምደ ሚካኤል ስም በእጄ እጽፍ ነበር። ወንድሜ ነው። በሕይወት በመኖሩ አንድ ቀን አልቆጨኝም። እርስዎ ግን አልጠየቁኝም። የበሰበሰ ጋዜጣ ሰብስበው ጓሮ ከመሩ፤ ከዚያም ትከሻዬን ይዘው አለቀሱ። እኔ ያን ዓመት ሙሉ፣ ጣራውን ሳላይ በመቅረቴ ራሴን ስወቅስ ኖርኩ።

ጦርነቱም በ1983 ግንቦት አለቀ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሰባተኛ ዓመቱን ይዟል። በሰባቱም ዓመት ጠዋት ተነሥተው ስሜን መመለስ ይችሉ ነበር። ደብረ ብርሃን ሁለተኛ ደረጃ ሳስተምር፣ ቤትዎ በየሳምንቱ ስመላለስ፣ በሎተሪ ቪዛ ስወጣ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሲሸኙኝ።

ዓምደ ሚካኤል ባለፈው እሑድ ደውሎ ነበር። ገነት «ከኢትዮጵያ ኮል አድርገውልሻል» ብላ ስልኩን ሰጠችኝ።

«ሣህሌ፣ እኅቴ፣ አባባን አታስጨንቂያቸው። አንቺ እኮ አሜሪካ ነሽ።»

«አዎ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ጎደለሽ?»

«ሁለት መቶ ዐሥራ አራት።»

«ምን?»

«ቁጥሩን እንኳ አታውቀውም» አልኩት። «እሺ፣ ሥሩ ሲነቀል ምን ይሸታል? ይህን ንገረኝና አሁኑኑ እተወዋለሁ። እውነቴን ነው።»

መስመሩ ተንጫረረ። ከዚያ «አባባ አንድ ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ታውቂያለሽ?» አለ። አላውቅም ነበር። እርስዎ አልጻፉልኝም።

ጋሼ፣ ማስረጃውን በዚህ ደብዳቤ ደግሜ አልጠይቅዎትም። አንድ ሌላ ነገር ግን አለ። የሜዳ ወዳጆቹ ትንሽ መጽሐፍ እያዘጋጁ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው በሕይወቱ ከሜዳ ያየውን ሦስት ነገር የሚጽፍበት። አናጢው ፍልፈሉን ጽፏል። የአውቶቡስ ሾፌሯ፣ በሌሎች ሣሮች ሥር ሥሩን ሰድዶ ከእነሱ የሚጠባ፣ ሆኖም ወርቅ የመሰለ ራስ ያለው፣ እየጠፋ ያለ አበባ ጻፈች። እኔ ስለ እርስዎ ስነግራቸው «የአስተማሪሽንም እንፈልጋለን» አሉ። የዓመቱን ሳይሆን የዕድሜ ልክዎን ሦስቱን ይጥሩልኝ። ወደ እንግሊዝኛ እኔ እመልሰዋለሁ።

እንደ ልማድዎ ይጻፉት፤ ቀኑን፣ ቦታውንና ያየውን ሰው።

ሣህሊቱ


ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 1990 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሣህሊቱ ወንድምአገኝ

በበረት የተወለደው ጌታ ትናንት እንደ ጎበኘን አንቺንም ይጎብኝሽ። ቤትሽ ሙቀት አይጣ፣ እጅሽ ሥራ አይጣ።

ፊደሌ በመተለቁ አትደንግጪ። የቀረው ዓይኔ ትንሽ ፊደል አይቀበልም። የጻፍኩትን መልሼ ማንበብም አልችል፤ ስሕተት ካለ አርሚው። የኔነሽ ልጻፍልህ ብትለኝም፣ ሦስቱን ሌላ ሰው አይጽፍልኝም ብዬ እንቢ አልኳት። ሰማያዊዋ ክር እስከ ዛሬ አለችኝ በልልኝ ብላለች።

ወዳጆችሽ ጭላት ሜዳን አያውቁትምና እንዲገባቸው አድርገሽ መልሺው።

ዕፅ፦ ጓሳ። ሰው የቤት ክዳን ያደርገዋል፣ ገመድ ይገምድበታል፣ እኔ ግን ነፋስን በዓይን የሚያሳይ ስለሆነ እወደዋለሁ። አሁን ዓይኔ ሲጠፋ ድምፁ ቀርቶልኛል።

እንስሳ፦ የሜዳው ጭላት። ታኅሣሥ 1957፣ ከወንዙ ማዶ፣ እኔው ብቻዬን ነበርኩ። በአየር ላይ ክንፏን እያማታች አንድ ቦታ ቀጥ ብላ ስትቆም ሳያት ጫማዬን እስከምረሳ ቆሜ ቀረሁ።

ድንቅ ነገር፦ ጳጉሜን 6 ቀን 1979፣ ዓርብ፣ ጭላት ሜዳ፣ ከወንዙ በስተግራ፣ ከትልቁ ቋጥኝ መቶ እርምጃ ያህል ወደ ላይ። ጠዋት ዘንቦ ከሰባት ሰዓት በኋላ አባርቶ ነበር። ሣህሊቱ ከፊቴ ትሄዳለች። ድንገት ጭቃው ላይ በሆዷ ተዘረጋችና «ጋሼ፣ አይርገጡ!» ብላ ጮኸች። አንድ እግሬን አንሥቼ እንደ ሽመላ ቆምኩ። ጫማዬ ሊያርፍ ከነበረበት ቦታ አንድ ስንዝር ላይ ግራጫ ሰማያዊ አበባ፣ ስድስት ቅጠል፣ ገና ሲከፈት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ፤ ሰዓቴን ይዤ ቆጥሬያለሁ። ሥሩ ሲነቀል የተቀረፈ ዱባ ይሸታል። እኔ በዚያ ሜዳ ሠላሳ ዓመት ስመላለስ አላየሁትም። ያየችው እሷ ናት። ያን ጊዜ ሃያ ዓመቷ ነበር፤ ፊቷ እስከ ቅንድቧ ጭቃ ሆኖ ትስቅ ነበር። ዓምደ ሚካኤል ለመስከረም ሁለት ሰልፍ ሊለማመድ አዲስ አበባ ወርዶ ስለነበር፣ የእሱን ድርሻ ቆሎ ሁለታችን ተካፈልነው።

በዕድሜዬ ያየሁት ትልቁ ድንቅ ነገር አበባው ነው ብዬ ስናገር ኖሬያለሁ። አበባው አይደለም። አንድ እግሬን አንሥቼ የቆምኩባት ያቺ ደቂቃ ናት።

ይህን ለወዳጆችሽ ንገሪያቸው።

መልከጸዴቅ ሀብተ ጊዮርጊስ


ሲያትል፣ ሚያዝያ 13 ቀን 1990 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ፣ ለማከብርዎት አሳዳጊዬ ለጋሼ መልከጸዴቅ ሀብተ ጊዮርጊስ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረስዎ። እንደምን ከረሙ? የቀረው ዓይንዎ እንዴት ነው? እትዬ የኔነሽ እንዴት ከረሙልኝ? አንድ ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነፈግኩዎት፤ ዛሬ ያጠራቀምኩትን ሁሉ ይቀበሉኝ። ጉልበትዎን እስማለሁ።

ሁለት ወር ተኩል መልስ ያልጻፍኩት የማደርገውን እስክጨርስ ነው። አሁን ጨርሻለሁ፤ ከሌላ ሰው ከሚሰሙ ከእኔ ይስሙት።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ጥር መጨረሻ ላይ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ከፍቼ «አይርገጡ» የሚለው ላይ ስደርስ መውረጃዬ አለፈኝ። እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄድኩ። ሾፌሩ «እኅት፣ ደርሰናል» ብሎ እስኪያወርደኝ ድረስ ደጋግሜ አነበብኩት።

ከዚያ የሜዳ ወዳጆቹ የጠየቁት መጽሐፍ እውነት መሆኑን ልነግርዎ እፈልጋለሁ፤ ታትሟል፣ አንድ ቅጂ ከጽጌ ጋር ይደርስዎታል፣ እትዬ የኔነሽ ሥዕሉን ይንገሩዎት። ጥያቄው ወጥመድ ነበር ወይ ብለው ቢጠይቁኝ ግን አልነበረም ብዬ አልምልም። ቀንና ቦታ ሳይጽፉ ስለ ሜዳ አንድ ቃል መናገር እንደማይችሉ አውቃለሁ። ያን እያወቅኩ ነው የጠየቅኩት።

ቀጥሎ የመጣው ማክሰኞ ደብዳቤዎን ለኢዲት ሰጠኋት። ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ተርጉሜ፣ ዋናውን አያይዤ፣ ለሊቁ ላክን። ሬድመንድ የሚሠራ ወንድምአገኝ የሚባል፣ ያባቴ ሞክሼ የሆነ፣ የአገራችን ሰው ትርጉሙን አመሳክሮ ፈረመበት። ሲያነብ «እኚህ ሰውዬ ይወዱሻል» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «ታዲያ ይህን ልትልኪ ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት።

ሊቁ ዓምደ ሚካኤልን በፋክስ ጠየቁት። መልሱ ሁለት መስመር ነበር፤ በዚያ ቀን ሜዳው ላይ አልነበርኩም ይላል። ይህን በመጻፉ ወንድሜነቱን መለሰልኝ። በመሥሪያ ቤቱ ምን እንደሚደርስበት አላውቅም፤ ለማንም አለቃ አልጻፍኩም፣ አልጽፍምም። እሱ የተማረውን ተምሯል፤ ትምህርቱን መልስ አልልም።

በኸርባሪየም ወግ፣ አንዴ የተለጠፈ መለያ ስሕተት ቢሆንም አይቀደድም። ያወቀ ሰው ከጎኑ ሌላ ትንሽ ወረቀት ይለጥፋል፤ ትክክሉን፣ ቀኑንና ስሙን ጽፎ። ስለዚህ የታይፑ ወረቀት በቦታው አለ፤ ከሥሩ ግን በእጄ ጽሕፈት አዲስ ወረቀት አለ። ያገኘችው፦ ሣህሊቱ ወንድምአገኝ። አብሮ የነበረ፦ መልከጸዴቅ ሀብተ ጊዮርጊስ። አራቴን አሁንም የተገለበጠ ወንበር አድርጌ ነው የጻፍኳት። ሁለቱም ወረቀት ለዘለዓለም ጎን ለጎን ይታያሉ፤ የሆነውም የተደረገውም። ሊቁ በአንቺ ስም ልሰይመው ወይ ብለው ጽፈውልኝ ነበር። አይሆንም፣ በሜዳው ስም ይሰይሙት አልኳቸው። እኔ አበባው በስሜ እንዲጠራ አልነበረም የለመንኩት፤ ያየሁትን አይታለች እንዲባልልኝ ነው።

የማላውቀው አንድ ነገር ቀረ። ያን ደብዳቤ ሳያውቁት ነው የጻፉት? ወይስ ሊሉት ያልቻሉትን አንድ ገጽ፣ ለወዳጆችሽ ንገሪያቸው በሚል አሾልከው ሰጡኝ? ዓምደ ሚካኤል የት እንደነበረ መጻፍ ለፈረንጆቹ ምን ይጠቅማቸው ነበር? የዱባውን ሽታ የጻፉትስ፣ ለልጅዎ ያቀረብኩትን ጥያቄ እየመለሱልኝ ነበር? አልጠይቅዎትም። አንድ ጥያቄ ጠይቄ ዓመት ጠብቄያለሁ፤ ይህን ለእርስዎ እተውልዎታለሁ።

ሦስቱን ልጥራ። ዕፅ፦ በዚህ ሳምንት ካማሱ ዳግም ማበብ ጀምሯል። ባለፈው መኸር ሜዳውን ሆን ብለው አቃጥለውት ነበር፤ ነባሮቹ ሰዎች እንዲያ እያደረጉ ነው ጥዱ ሜዳውን እንዳይውጠው የጠበቁት። ጥቁር ዐመድ ላይ ሰማያዊ ሲወጣ ቢያዩት። እንስሳ፦ ባለማተቧ፤ በተቃጠለ እንጨት ላይ ቆማ ትዘምራለች። ድንቅ ነገር፦ አንድ እግሩን አንሥቶ የቆመ ሰው። እኔም ያቺን ደቂቃ ከእርስዎ እኩል እወዳታለሁ፤ ማንም እንዲወስዳት ያልፈቀድኩት ለዚህ ነው።

እወድዎታለሁ፣ ጋሼ። ዓይንዎን የሚያይ ሐኪም አዲስ አበባ አፈላልጋለሁ፤ ይህ ከዚያኛው ነገር ጋር አይገናኝም፣ ማካካሻም አይደለም። ቀሪዎቹን ሁለት መቶ ዘጠና ስድስት ናሙናዎች ግን ባሉበት አገር ሁሉ ተከትዬ፣ አንድ በአንድ፣ ከጎናቸው ወረቀት እለጥፋለሁ። አራቱን አግኝቻለሁ።

እንግዲህ ዝም እንድል አይለምኑኝ፤ አልልም። አሜሪካ ስለሆንኩ ምንም አልጎደለብሽም አይበሉኝ፤ የጎደለኝን እኔ ነኝ የማውቀው። ልጄ ብለው እየባረኩ ከእጄ መውሰድን እንደ ፍቅር አልቆጥርላችሁም፣ ለእርስዎም፣ ለዓምደ ሚካኤልም፣ ከእናንተ በኋላ ለሚመጣም ለማንም። ሰው በእጁ የወሰደብኝን ዝናብ በላው መባልን፣ ከምወደው ሰው አፍ እንኳ ቢወጣ፣ ከዛሬ ጀምሮ አልቀበልም።

ልጅዎ
ሣህሊቱ ወንድምአገኝ